የማጠጫ ውሃ ቀንድ አውጣ፦ መቼ መድኃኒት፣ መቼ ዋጋ ቅነሳ፣ መቼ ዶማ?

የቄራ መርማሪ ቢላውን በሰንጋ ጉበት ላይ ሲያሳርፍ አንዳንዴ አሸዋ የቆረጠ ይመስል ይንኮሻኮሻል። የሐሞት ቱቦዎቹ ወፍረው፣ ውስጣቸው ኖራ በመሰለ ነገር ተጋግሮ ነው። ያ ጉበት ለዱለትም ለጥብስም አይቀርብም፤ ተቆርጦ ይወገዳል። ሒሳቡ የሚዘጋው ቄራ ይሁን እንጂ የተከፈተው ከወራት በፊት አንድ ውሃ ዳር ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ቀንድ አውጣ ውስጥ።

የጉበት ትል እንደ አፍና እግር በሽታ ገበያ የሚያዘጋ ወረርሽኝ አይደለም። የታመመው ከብት ይበላል፣ ይራመዳል፣ ድንበርም ይሻገራል። ስለዚህ በድርድር ጊዜ ስሙን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ኪሳራው የሚመጣው በዝምታ ነው፤ መኖ እየበላ ሥጋ በማይጨምር በሬ፣ ወተቷ በቀነሰ ላም፣ ከክረምት ማግሥት በድንገት በሚሞት በግ፣ በመጨረሻም በተወገደ ጉበት።

ነጋዴዎች ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ጨምሬ ልግደለው?» ብለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ትንሽ ያዞረዋል። መልሱን የሚወስነው ከቀንድ አውጣው ይልቅ ከብቱ በእርስዎ እጅ የሚቆይበት ቀን ብዛት ነው። ለአንድ ሳምንት የሚያቆይ ነጋዴና ለሦስት ወር የሚያደልብ ነጋዴ ለአንድ ዓይነት ችግር ሁለት የተለያየ መፍትሔ ያስፈልጋቸዋል። አንዱ ለሌላው የሚበጀውን ቢያደርግ ገንዘቡን ያባክናል።

የትኛው ቀንድ አውጣ ነው?

ውሃ ውስጥ የሚታይ ቀንድ አውጣ ሁሉ የጉበት ትል አያስተላልፍም። ለመለየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። ባዶ ቅርፊት በእንጨት ወይም በጓንት ያንሱ። ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስዎ ያድርጉት።

አፉ በስተቀኝ ከሆነና ቅርፊቱ ቀጭንና ሹል ከሆነ የጉበት ትል ተሸካሚ ከሆኑት ወገን ሊሆን ይችላል። በአካባቢያችን ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ጋልባ ትራንካቱላ የሚባለው ሲሆን ትንሽ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ። የደጋ ነው። ከጥልቅ ውሃ ይልቅ የጭቃ ጠርዝ ይመርጣል፤ የምንጭ ዳር፣ ከገንዳ የሚፈስ ውሃ ያራሰው መሬት፣ የከብት ኮቴ የቆፈረው ትንሽ ጉድጓድ ይበቃዋል። ሁለተኛው ራዲክስ ናታለንሲስ ነው። ከመጀመሪያው ይተልቃል፣ ቅርፊቱ ሆደ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ሞቃት አካባቢ ይስማማዋል፤ የመስኖ ቦይ፣ የሐይቅ ዳርና ሣር ያለው ኩሬ ቤቱ ነው።

የቅርፊቱ አፍ በስተግራ ከሆነ ቡሊነስ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። እሱ የጉበት ትል ባያስተላልፍም የጨጓራ ትልንና የከብት ብልሃርዚያን ያስተላልፋል። እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ባዮምፋላሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሰው የአንጀት ብልሃርዚያ የሚመጣው በእሱ ነው። ስለዚህ ለማጣራት ብሎ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት አይገባም። እረኛዎንም አያስገቡ።

የትሉ የቀን መቁጠሪያ

የንግድ ውሳኔው በሳምንታት ቆጠራ ላይ ስለሚቆም ይህን ክፍል በጥሞና ማንበብ ይጠቅማል።

በታመመ ከብት ጉበት ውስጥ ያለው ትል እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ በሐሞት በኩል ወርዶ ከእበት ጋር ይወጣል። እበቱ ደረቅ መሬት ላይ ከወደቀ እንቁላሉ ደርቆ ይሞታል። እርጥብ ቦታ ከወደቀና ሙቀቱ ከተስማማው ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ አንድ ቀን ሳይሞላ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል። ካገኘ ገብቶ ይራባል፤ አንድ እጭ የገባበት ቀንድ አውጣ ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ እጮችን ሊያወጣ ይችላል። እነዚህ ውሃ ዳር ባለው ሣር ላይ ይጣበቁና ቅርፊት ያበጃሉ። ከብቱ የሚበላው ያንን ሣር ነው።

ከብቱ ከበላው በኋላ ትሉ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ የጉበቱን ሥጋ ለሳምንታት እየቆፈረ ሄዶ ሐሞት ቱቦ ውስጥ ይሰፍራል። የደጋው ዓይነት ትል፣ ፋሲዮላ ሄፓቲካ፣ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ነው። የቆላው፣ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ፣ ከዚያም ይዘገያል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ዛሬ በቄራ የሚታየው የወፈረ የሐሞት ቱቦ ከወራት በፊት የተበላ ሣር ውጤት ነው፤ ባለፈው ሳምንት በእርስዎ በረት የተፈጠረ አይደለም። ሁለተኛ፣ በእርስዎ በረት ዛሬ የሚያዘው ከብት ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በሚቀጥለው ገዢ እጅ ነው። ገዢው ከድንበር ማዶ ቢሆንም የገዛበትን ሰው ስም አይረሳም።

ከየት የመጣ ከብት ነው?

ከብቱ ያደገበትን ቦታ ማወቅ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚቀድም መረጃ ነው። በኢትዮጵያ የሄፓቲካ ትል በአመዛኙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ወደ ደጋው ይገኛል፤ ጃይጋንቲካ ከ1,800 ሜትር በታች ይበዛል። በሁለቱ መካከል ባለው ወይና ደጋ ሁለቱም በአንድ ከብት ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉት የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች በክረምት ውሃ ይተኛባቸዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ከብቱ አዲስ የበቀለውን ሣር እየተከተለ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ያ ለምለም ጠርዝ የቀንድ አውጣውም ጠርዝ ነው። ከዚያ ወገን የሚነሳው ሰንጋ በመተማና በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ትሉንም ይዞ ሊሻገር ይችላል። እንደ ቆጋ ያሉ የመስኖ አካባቢዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ መስኖ ለቀንድ አውጣ በጋን ወደ ክረምት ይለውጥለታልና። በሱዳን በነጭ ዓባይ ዳርቻ፣ በሶማሊያ በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር የሚሰማራ ከብትም የጃይጋንቲካ ትል ሊኖርበት ይችላል።

በሌላ በኩል ከደረቅ አገር የሚመጣ ከብት አደጋው ያነሰ ነው። ቦረና ውስጥ ያሉትን ዘጠኙን የቱላ ጉድጓዶች ይመልከቱ። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ በሰው ቅብብሎሽ ይወጣል፤ ከብቱ የሚጠጣው ናኒጋ ከሚባለው የጭቃ ገንዳ ነው። የከብቱ እግር ከምንጩ አይደርስም፣ እበቱም ውሃው ውስጥ አይወድቅም፣ በዙሪያው ረግረግ የለም። ሥርዓቱ የተሠራው ውሃ ለመቆጠብ ነው፤ ለቀንድ አውጣ ግን ከየትኛውም መርዝ የበለጠ መከላከያ ሆኖ ያገለግላል።

ስለዚህ ደላላውን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁ አያይዘው «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የት ነበር የሚሰማራው?» ይበሉት። ጨፌ ከሆነ መልሱ በዋጋው ላይ መታየት አለበት።

መርዝ ለምን ያሳፍራል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ሞልቷል። ከሁሉ በላይ የምንኮራበት የእኛው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ዓላማቸው ብልሃርዚያን መከላከል ነበር። ለዚሁ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እንዶድ ለከብት ማጠጫ ግን ራሱን የቻለ መፍትሔ አይሆንም። የአዋቂ ቀንድ አውጣ ገዳይ ነው፤ እንቁላሉን ግን አይገድልም። ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ ለአካባቢው ደግ ነው፤ በዚያው ምክንያት ግን መደጋገም አለበት። ዓሣ ይገድላል። ጭቃ ጠርዝ ላይ ለተቀመጠው ትንሹ ጋልባ ደግሞ ውሃው ላይ የተጨመረው ነገር በሚገባ አይደርሰውም።

የመዳብ ሰልፌትም እንዲሁ ነው። ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ባለበት ውሃ ኃይሉን ያጣል። ዓሣን ይጎዳል፤ ከሁሉ የከፋው ግን በግ ለመዳብ እጅግ ስስ መሆኑ ነው። መዳቡ በጉበቱ እየተጠራቀመ ቆይቶ በጉን ይገድለዋል። የበግ ማጠጫ ላይ መዳብ የሚጨምር ሰው ትል ሸሽቶ መርዝ ላይ ይወድቃል። ኒክሎሳማይድ የተባለው ኬሚካል ቀንድ አውጣ በመግደል የታወቀ ቢሆንም ዓሣም አይምርም፤ ሰውና ከብት በጋራ በሚጠጡት ኩሬ ላይ ያለ ባለሙያና ያለ ቀበሌው ፈቃድ የሚነካ ነገር አይደለም።

የመርዝ ዋናው ድክመት የቀንድ አውጣው መራባት ነው። ጋልባ ወንድም ሴትም ነው፤ ጓደኛ ባያገኝ ብቻውን ይራባል። ሁኔታው ከተመቸው ከአንዱ የሚወለደው ዘር በሦስት ወር ውስጥ እስከ 100,000 ሊደርስ ይችላል። ድርቅ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ለወራት ይተኛል፤ ዝናብ ሲነካው ይነሳል። ከመቶ ዘጠና አምስቱን ቢገድሉ የቀሩት አምስቱ ክረምት ሳይወጣ ቦታውን ይሞሉታል።

በየሆቴሉ መግቢያ የሚቀመጠውን ዕፅዋት ያለበት የመስታወት የዓሣ ገንዳ የሚንከባከቡ ሰዎች ይህን ሕግ ያውቁታል። ቀንድ አውጣው ከተገዛው ተክል ጋር በእንቁላል ተጣብቆ ይገባል፤ የሚበዛው ግን ዓሣው በልቶ የተረፈው ምግብና የበሰበሰ ቅጠል ስለሚቀልበው ነው። መርዝ ጨምሮ በአንድ ቀን የገደለ ሰው የበሰበሰ ውሃና የሞተ ዓሣ ያተርፋል፤ ምግብ የቀነሰና ቅጠል የለቀመ ሰው ግን ቀንድ አውጣው በራሱ ጊዜ ሲያንስ ያያል። በማጠጫ ገንዳ ዙሪያም ነገሩ ያው ነው። የቀንድ አውጣው ብዛት የሚነግርዎ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈስ፣ ምን ያህል እበትና አረንጓዴ ሽበት እንደተከማቸ ነው።

በማቆያ ቦታ የሚሠራው ሥራ

ውድ ያልሆነው መፍትሔ ዶማና ድንጋይ ነው። በቅደም ተከተል እናስቀምጠው።

መጀመሪያ ፍሳሹን ያስቁሙ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧና ሞልቶ የሚፈስ ገንዳ በጋውን ሙሉ የሚቆይ ረግረግ ይፈጥራል። ገንዳው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ይግጠሙ፤ ከሌለ ጠባቂው ቧንቧውን እንዲዘጋ ኃላፊነት ይስጡት።

ሁለተኛ፣ የገንዳው ዙሪያ ቢያንስ አንድ ከብት ቆሞ ለመጠጣት የሚይዘውን ቦታ ያህል በድንጋይ ወይም በጠጠር ይነጠፍ፣ ተዳፋትም ይኑረው። ኮቴ ጭቃ ካልቆፈረ ትንሹ ቀንድ አውጣ ቤት የለውም።

ሦስተኛ፣ የሚወጣው ውሃ በቦይ ከበረቱ ውጭ ይሂድ። ቦዩ ላይ ሣር እንዲበቅል አይተዉ፤ የበቀለውንም ለከብት አያጭዱ።

አራተኛ፣ ከኩሬ የሚጠጣ ከሆነ ኩሬውን በእሾህ አጥር ይከልሉና ውሃውን በቧንቧ ወይም በባልዲ ወደ ገንዳ ያውጡት። የኩሬው ዳር ሣር ለምለም ስለሆነ ከብት የሚሳበው ወደዚያው ነው፤ እጩ የተጣበቀውም እዚያው ነው።

አምስተኛ፣ እበቱን ከውሃ ያርቁ። ተከምሮ ሲብላላ የሚፈጥረው ሙቀት የትሉን እንቁላል ይገድላል፤ ቀድሞውኑ ውሃ ዳር ከተጣለ ግን እንቁላሉን በራስዎ እጅ ለቀንድ አውጣ አቀረቡ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ሣር ሲገዙ ይጠይቁ። ከጨፌ ታጭዶ በእርጥቡ የመጣ ሣር በረት ታስሮ ለሚደልበው ሰንጋ ትሉን እስከ አፉ ያደርስለታል። በደንብ ደርቆ የቆየ ድርቆሽ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። «ከብቶቼ ከበረት አይወጡም፣ ትል ከየት ያገኛሉ?» የሚል አድላቢ መልሱን ከመኖ ክምሩ ይፈልግ።

መድኃኒት፦ ለማን፣ መቼ?

መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ጠባሳውን ግን አይፍቅም። በኖራ የተጋገረ የሐሞት ቱቦ ከብቱን ዛሬ መድኃኒት ስለጋቱት በሚቀጥለው ሳምንት ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። መድኃኒት የሚያድነው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ኪሎና የሚቀጥለውን የግጦሽ መሬት ነው። ይህን ያልተረዳ ነጋዴ ከቄራ በፊት በነበረው ሳምንት መድኃኒት ገዝቶ ጉበቱም ይወገድበታል፣ መድኃኒቱም ሥጋው ውስጥ ይቀርበታል።

ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው። አልቤንዳዞል የታወቀና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። መጠኑም ለሆድ ትል ከሚሰጠው ይበልጣል፤ ለከብት ለሆድ ትል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ለጉበት ትል 10 ሚሊ ግራም ነው። በአዲስ እርግዝና ላይ ላለች እንስሳ አይሰጥም። ትሪክላቤንዳዞል ወጣቱንም ያደገውንም ትል ይገድላል፤ ለከብት በኪሎ 12 ሚሊ ግራም፣ ለበግ 10 ሚሊ ግራም ነው። እሱ ደግሞ የሆድ ትል አይነካም። በብዙ አገሮች ትሉ ትሪክላቤንዳዞልን መቋቋም ጀምሯል፤ በዓይን ግምት እያሳነሱ መጋት ይህን ያፋጥነዋል። ሚዛን ከሌለ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ይጠቀሙ፤ ከመንጋው ደግሞ በትልቁ ይለኩ እንጂ በአማካዩ አይለኩ። ክሎዛንቴል የተባለውን ከመጠን በላይ የወሰደ በግና ፍየል ዓይኑ ሊጠፋ ስለሚችል እዚያ ላይ «ለጥንቃቄ ትንሽ ልጨምር» አይሠራም።

እያንዳንዱ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ እንስሳው ለዕርድ የማይቀርብበት የቀን ብዛት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ቀኑ እንደ አምራቹና እንደ ምርቱ ስለሚለያይ ያነበቡትን ጽሑፍ ይመኑ፤ የተሰጠበትን ቀንም ከእንስሳው ምልክት ጋር መዝግበው ለገዢው ይስጡ።

ትሉ መኖሩን ለማረጋገጥ የእበት ምርመራ ያሠሩ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በሚንሳፈፍበት ዘዴ አይገኝም፤ ላቦራቶሪው በማዝቀጥ ዘዴ እንዲያየው ይጠይቁ። ከተያዘ ሦስት ወር ያልሞላው ከብት ግን እንቁላል ገና ስለማይጥል ምርመራው «የለም» ቢል ነጻ ነው ማለት አይደለም። የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣት፣ ከመንጋጋ ሥር የሚወርድ እብጠት፣ የጠጉር መንጨባረርና መክሳት ምልክቶች ናቸው፤ ሌላ የሆድ ትልም እነዚህን ስለሚያመጣ ከቦታው ታሪክ ጋር አብረው ይዩአቸው።

ሒሳቡ በብር

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስላት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የራስዎን ገበያ ዋጋ ይተኩባቸው።

ለ90 ቀን የሚያደልቧቸው 30 ሰንጋዎች አሉዎት እንበል። መድኃኒቱና የባለሙያው ክፍያ በአንድ ራስ 300 ብር ቢሆን ጠቅላላው 9,000 ብር ነው። ትል ያለበት ሰንጋ በ90 ቀን ውስጥ ከጓደኛው 8 ኪሎ ያንሳል ብለን፣ የቁም ኪሎውን በ200 ብር እንያዝ። በአንድ የታመመ ሰንጋ የሚቀረው 1,600 ብር ነው። 9,000 ለ1,600 ሲካፈል 5.6 ይሆናል። ስለዚህ ከ30ው 6 ወይም ከዚያ በላይ ከታመሙ ሁሉንም ማከም ያዋጣል፤ ከዚያ ካነሱ አያዋጣም። ከጨፌ የመጡ ከሆኑ 6 መሙላት ከባድ አይሆንም፤ ከቦረና ደረቅ መሬት ከሆኑ ግን ሊያጠራጥር ይገባል። ለዚህ ነው የ10 ከብት እበት ማስመርመር ከሙሉ ሕክምናው በፊት የሚመጣው።

አሁን ያንኑ መንጋ ለ7 ቀን ብቻ ያቆዩታል እንበል። በ7 ቀን የሚታይ የኪሎ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። 9,000 ብሩ ይሄዳል፣ የዕርድ መከልከያ ቀኑም ገዢዎን ያስቆማል። ለዚህ ነጋዴ መፍትሔው መድኃኒት አይሆንም፤ ሲገዛ ዋጋ መቀነስ ነው። የጨፌ ከብት ጉበት ሊወገድ እንደሚችል አስቦ የጉበቱን ዋጋ ከመጀመሪያው ከድርድሩ ይንሳ።

ሦስተኛው ነጋዴ በየሳምንቱ አዲስ መንጋ የሚያስገባና የሚያስወጣ ባለማቆያ ነው። የእሱ ኪሳራ በአንድ መንጋ አይታይም። አንድ የታመመ መንጋ እበቱን ሲጥል እንቁላሉ ይቀራል፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የሚመጣው ንጹሕ መንጋ ከገንዳው ዳር ያለውን ሣር ይበላል። ለገንዳ መዝጊያ፣ ለጠጠርና ለቦይ አንድ ጊዜ 15,000 ብር ቢያወጣና በዓመት 1,500 ራስ ቢያልፍበት በአንድ ራስ 10 ብር ነው። ዶማው ለእሱ ከመድኃኒቱ ይረክሳል።

ከድንበር ማዶ ላለው ሰው

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ትሉ የሚጎዳው የሚቀጥለውን ገዢ ከሆነ የመጀመሪያው ነጋዴ ለምን ይድከም?

መልሱ ከገበያው ጠባይ ይመጣል። ለዕርድ የሚሄድ ከብት ታሪኩ ቄራ ላይ ያበቃል፤ ትሉም እዚያው ያልቃል። ለማድለቢያ፣ ለወተት ወይም ለእርባታ የሚሻገር ከብት ግን ለዓመታት እንቁላል እየጣለ ይኖራል። ገዢው ምንጭና መስኖ ካለው በራሱ ቀንድ አውጣ በኩል ወደ መንጋው ሁሉ ይገባበታል። ወንዝና ጨፌ ድንበር አያውቁም፤ ዛሬ ማዶ የተዘራው ነገ በግዢ ተመልሶ ይመጣል። ለእርባታ የሚሸጥን እንስሳ አክሞ፣ የመድኃኒቱን ስምና ቀን በወረቀት ሰጥቶ መሸጥ ለዚህ ነው። ያ ወረቀት በሚቀጥለው ግብይት የእርስዎን ከብት ከሌላው የሚለይ ነገር ይሆናል፤ ዋጋም ያስጠይቃል።

ለማጠቃለል፣ ከብቱን ከሁለት ሳምንት በታች የሚያቆዩ ከሆነ የመጣበትን ጠይቀው በዋጋ ይደራደሩ፤ መድኃኒት አይጋቱ። ለወራት የሚያደልቡ ከሆነ ሲገባ አስመርምረው ትክክለኛውን መድኃኒት በሚዛን ይስጡ፣ የጨፌ እርጥብ ሣር አያስገቡ። ማቆያ ያለዎት ከሆነ የገንዳዎን ዙሪያ ያድርቁ። ለእርባታ የሚሸጡ ከሆነ አክመው በወረቀት ያስረክቡ። ለአራቱም የሚሆነው ምክር ግን አንድ ነው፤ ቀንድ አውጣ ሲያዩ እጅዎን ወደ መርዝ ከመስደድዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚፈስ ይመልከቱ።